ሄርሜላ ያልቀዳችው ቃል

የረቡዕ ጠዋት ጭጋግ ከኢዲዶ ኮረብታ ላይ ገና አልተገፈፈም ነበር። ወደ ቡና ማጠቢያ ጣቢያው ለለቀማ የሚሄዱ ሦስት ሴቶች ከኮረኮንቹ መንገድ በታች፣ እንሰት ሥር፣ አንዲት ወጣት በጎኗ ተኝታ አዩ። አንደኛዋ የሰከረች መስሏት "ተነሺ እንጂ አንቺ!" ብላ ተቆጣች። ሁለተኛዋ ወርዳ ትከሻዋን ነካች። ከዚያ በኋላ የሦስቱም ጩኸት እስከ ጣቢያው ድረስ ተሰማ።

ኢንስፔክተር ወርቂቱ ቶሌራ ከዲላ ስትደርስ ሦስት ሰዓት ሊሆን ነበር። የፖሊስ መኪናው ከተበላሸ ስለሰነበተ እንደ ሰሞኑ ሁሉ የመጣችው በጋሼ ገሪማ ነጭ ላንድክሩዘር ነው። ጋሼ ገሪማ ቡና ገዢና እንግዳ በጌዴኦ መንደሮች ሲያመላልስ ሃያ ዓመት የኖረ፣ ሐዘን ቤት ድንኳን ሲተከል ቀድሞ የሚገኝ፣ ትልቅ ትንሹ "ጋሼ" የሚለው የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ነበር።

ወርቂቱ በእንሰቱ መሃል ወርዳ ጎንበስ አለች። የልጅቷን ፊት ስታይ ቅጠሉን ይዛ ቆመች።

"ያውቋታል?" አላት ሳጅን ሳዳም። ከእሷ ቀድሞ በሞተር ሳይክል የደረሰው እሱ ነው።

"ሄርሜላ ናት። የወናጎዋ የአቶ በራሶ ልጅ።"

ሳዳም እጁን አፉ ላይ ጫነ። ገና በጥቅምት መጀመሪያ፣ አምስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ የዚችው ልጅ እናት መሰለች ወናጎ ላይ በማለዳ ወደ ገበያ ስትሄድ መኪና ገጭቷት ሞታለች። ሹፌሩ አምልጧል። ምርመራውን የያዘችው ወርቂቱ ነበረች። ሄርሜላ በየሳምንቱ ቢሮዋ እየመጣች "ተገኘ?" ትላት ነበር፤ እሷም "ይገኛል" ትላታለች።

የልጅቷ ጭንቅላት ከኋላ ተፈርክሷል። ቦርሳዋ አልተነካም፤ ስልኳ ኪሷ ውስጥ ነው፤ ልብሷም እንደነበረ ነው። የጫማዋ ተረከዝ ግን ጭቃ ቋጥሯል። ሳዳም የተጎተተችበትን መስመር ተከትሎ ወደ ላይ ወጣና ከመንገዱ ዳር ደም የነካው ሹል ድንጋይ አገኘ።

"ዘራፊ አይደለም። የምታውቀው ሰው ነው" አለች ወርቂቱ።

መንገዱ ላይ ጋሼ ገሪማ ሁለት እጁን አናቱ ላይ አድርጎ ቆሞ ነበር። "ይቺ ስልክ ሠሪዋ? የመሰለች ልጅ?" አለና መኪናው ላይ ተደግፎ አለቀሰ። ቃሬዛውን ከሳዳም ጋር የተሸከመው እሱ ነው። ከሐኪም ምርመራ በኋላም ሬሳዋን ወናጎ ድረስ ወስዶ አባቷ ግቢ አስገባ። አቶ በራሶ ደረቱ ላይ ተደፍተው ሲያለቅሱ ጀርባቸውን እየደባበሰ "አይዞዎት ወንድሜ" ይል ነበር።

ወደ ዲላ ሲመለሱ ወርቂቱ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታይ ነበር። ጋሼ ገሪማ፣ "ትናንት ብትደውይልኝ እኮ አላነሳም ነበር። ወገቤን ይዞኝ ቀኑን ሙሉ ከአልጋ አልወረድኩም። ዛሬ ተነስቼ ይሄን ልይ?" አለ።

እሷ የምታስበው የሐኪሙን ቃል ነበር። ሐኪሙ ልጅቷ የሞተችው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ነው ብሏል። ያን ሰዓት ነበር በልቧ የያዘችው።

የዚያድ ፈድሉ የስልክ ጥገና ሱቅ ዲላ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ነው። ሄርሜላ ሁለት ዓመት ሠርታበታለች። ወርቂቱና ሳዳም ሲገቡ ዚያድ የልጅቷን ወንበር ግድግዳው ላይ አስጠግቶ ባዶውን ቦታ ያይ ነበር።

"ለመጨረሻ ጊዜ ያየሃት መቼ ነው?"

"ማክሰኞ ስድስት ሰዓት። እኔ ወደ መስጊድ ስወጣ እዚህ ነበረች። ስመለስ ሱቁ ተቆልፏል። ቁልፉን ከጎን ካለው ልብስ ሰፊ ዘንድ ትታልኛለች። ከዚያ እስከ ማታ ብቻዬን እዚሁ ሱቁ ውስጥ ነው የዋልኩት፤ ልብስ ሰፊውን ጠይቁት።"

"የት እንደምትሄድ አልተናገረችም?"

"የባጃጁ ጩኸት አላስቀዳ ብሏታል። 'ጸጥ ያለ ቦታ ሄጄ የቀሩትን ቀድቼ እመጣለሁ' ነው ያለችኝ።"

"ምንድን ነው የምትቀዳው?"

ዚያድ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልክ አነሳ። የሱቁ ደንበኛ የሆኑ ሹፌሮች አዲስ አበባ ሲገቡ ወይም የማያውቁት መንደር ሲላኩ የሚመራቸው የስልክ ማፕ ነበር። መስከረም ላይ አፕዴት ሲደረግ ድምፁ ጠፋባቸው። መንገዱን ያሳያል እንጂ አይናገርም። እየነዱ ስክሪን ማየት አደጋ ነው፤ እንግሊዝኛው ቢመለስላቸውም ግማሾቹ አይሰሙትም። ሄርሜላ አንድ ነገር አገኘች። አፑ ሰው በራሱ ድምፅ እንዲቀዳለት ይፈቅዳል። ሃያ አራት ትእዛዝ አለው፤ ሁሉንም በአማርኛ ቀድታ የደንበኞቹ ስልክ ላይ ልትጭንላቸው ተነሳች።

"አሥራ አንድ ሹፌር ነው የጫነችላቸው" አለ ዚያድ። ስልኩን ነካ ሲያደርገው የሄርሜላ ድምፅ ሱቁን ሞላው።

"ከሁለት መቶ ሜትር በኋላ ወደ ቀኝ ይታጠፉ።"

 ሳዳም ወደ በሩ ዞረ። ድምፁ ሕያው ነበር፤ ሳቅ ያፈነች ልጅ ድምፅ።

"ሁለቱ ቀርተው ነበር" አለ ዚያድ ዓይኑን እየጠረገ። "'ዞረው ይመለሱ' የሚለውና የመጨረሻው፣ 'ደርሰዋል' የሚለው። ያልተቀዳ ትእዛዝ ላይ ሲደርስ አፑ ዝም ይላል። ሹፌሮቹ 'አንቺ ልጅ፣ መንገድ ላይ ታስጀምሪንና መድረሳችንን አትነግሪንም' እያሉ ይስቁባት ነበር።"

"ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ሁለቱ እንዳልተቀዱ እርግጠኛ ነህ?"

"በአላህ! አብረን ቆጠርናቸው። ሃያ ሁለት።"

ሳዳም የሟቿን ስልክ ከፍቶ ሁለት ጊዜ ፈተሸ። አዲስ ቀረጻ የለበትም። "እንግዲህ ሳትቀዳቸው ነው የሞተችው" አለ።

ስልኳ ላይ ሌላ ነገር ግን ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ከአንድ ሰው ሰባት ጊዜ ተደውሎ አልተነሳም። ስሙ ጆሲ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ከሄርሜላ ጋር በፍቅር አንድ ዓመት ቆይተው በመስከረም ተጣልተዋል። ወርቂቱ ሐሙስ ጠዋት ቢሮዋ አስጠራችው። ቀጭን ልጅ ነው፤ ዓይኑ አብጧል።

"ማክሰኞ ከሰዓት የት ነበርክ?"

"ፈተና ላይ ነበርኩ።"

"የምን ፈተና?"

"ስታቲስቲክስ። ከሰባት እስከ አሥር።"

ሳዳም ወጥቶ ደውሎ ተመለሰ። ከበሩ ሆኖ ራሱን ነቀነቀ። ጆሲ ፈተናው ላይ አልተቀመጠም።

"ልጄ፣ የወደድካት ልጅ ራሷ ተፈርክሶ ሞታለች። አንተ ደግሞ ትዋሸኛለህ" አለች ወርቂቱ ቀስ ብላ። "አሁን ሳዳም ወስዶ ይቆልፍብህ ወይስ ትናገራለህ?"

ጆሲ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። "ወናጎ ሄጄ ነበር። አባቷ ጋ። እናቷ ስትሞት ተጣልተን ስለነበር ቀብሩ ላይ አልቆምኩም። ያንን ይቅር በሉኝ ልል ነው። ስደውልላት የነበረውም 'አባትሽ ጋ ልሄድ ነው' ልላት ነው። ፈተና መዝለሌን የሚያስተምረኝ ወንድሜ ከሰማ ያልቅልኛል ብዬ ነው የዋሸሁት።"

ወርቂቱ ራሷ ወናጎ ወርዳ ጠየቀች። አቶ በራሶ ከሐዘንተኞች መሃል ቀና ብለው፣ "እውነቱን ነው። ከሰባት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከአጠገቤ አልተነሳም። ልጄ ስትሞት እኔና እሱ ስለ እሷ እናወራ ነበር" አሏት። ጎረቤቶቹም መሰከሩ። የዚያድንም ነገር ልብስ ሰፊው አረጋገጠ። ሐሙስ ሲመሽ ወርቂቱ እጇ ላይ ምንም አልቀረም።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ሳዳም ከኢዲዶ ደወለ። አንድ የቡና ማጠቢያው ጥበቃ ማክሰኞ ከሰዓት መንገዱ ዳር የቆመ መኪና አይቷል። "ቀለሙ ነጭ ነው ከማለት በቀር አያውቅም። ግን የቆመበትን ቦታ ያሳየናል። ሰውዬው ከእንሰቱ ጀርባ ባለች መንደር ነው የሚኖረው፤ መንገዷ ስለሚያሳስት ቦታውን ልኬልዎታለሁ።"

ጋሼ ገሪማ ወዲያው መጣላት። ወናጎን አልፈው ይርጋጨፌ ሲደርሱ ነዳጅ ሊቀዳ ወረደ። ወርቂቱ ሳዳም የላከውን ቦታ ልታይ ብትል ስልኳ ባትሪ ሊጨርስ ነው። ሳይጠፋባት የቦታውን ቁጥሮች ቶሎ በእስክሪብቶ መዳፏ ላይ ጻፈቻቸው። የጋሼ ገሪማ ስልክ ፊት ለፊት ማቆሚያው ላይ ክፍት ነው። ማፑን አግኝታ ቁጥሮቹን አስገባችና "ጀምር" የሚለውን ነካች።

"ጉዞዎ ተጀምሯል። ቀጥ ብለው ይሂዱ" አለች ሄርሜላ።

ወርቂቱ እሳት እንደነካው እጇን ሰበሰበች። ጋሼ ገሪማ በሩን ከፍቶ ሲገባ ድምፁን ሰማና ደርቆ ቀረ።

"አንተም ጋ አለ?" አለችው።

"ሰኞ... ሰኞ ነው ሠርታ የሰጠችኝ። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። አልችል ብዬ ድምፁን ዘግቼው ነበር እኮ፤ መልሶ ተከፈተ እንዴ?" እጁን ወደ ስልኩ ሰደደ።

"ተወው፣ ጋሼ። ትናገር። ልስማት።"

እጁ አየር ላይ ትንሽ ቆየና ወደ መሪው ተመለሰ።  መኪናው ከአስፋልቱ ወጥቶ በኮረኮንቹ ሽቅብ ጀመረ። የሞተችው ልጅ ግራና ቀኙን ትነግራቸዋለች፤ ጋሼ ገሪማ የታዘዘውን ይታጠፋል። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ወርቂቱ ሐዘን ነው ብላ አሰበች፤ አሳዘናትም። ከፊት ለፊታቸው የሳዳም ሞተር ሳይክል ታየ። ጋሼ ገሪማ ፍሬን ያዘ።

"ደርሰዋል" አለች ሄርሜላ። "ሰላም ይግቡ።"

ወርቂቱ መጀመሪያ የሰማችውን አላመነችም።  ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ይህ ቃል አልነበረም። ሰኞ የተሠራ ስልክ ይህ ቃል ሊኖረው አይችልም። ልጅቷ ይህን የተናገረችው ከሱቁ ከወጣች በኋላ ነው፤ የተናገረችውም እዚህ ስልክ ላይ ነው።

ከጎኗ የተቀመጠው ሰው ሬሳዋን ተሸክሟል። አባቷን አቅፎ አልቅሷል። እሷን ራሷን ሦስት ሳምንት ሙሉ በየምርመራው አመላልሷል።

"ምነው፣ አመመሽ እንዴ?" አላት ጋሼ ገሪማ።

"መንገዱ ነው። አንገላታኝ።" ብላ በሩን ከፈተች። ወርዳ ወደ ሳዳም ሄደች። ጀርባዋን ለመኪናው ሰጥታ በለሆሳስ፣ "ሳቅ እያልክ ሂድና የመኪናውን ቁልፍ ተቀበለው። ስልኩን እንዳይነካ። ምንም አትጠይቀኝ" አለችው።

ሳዳም አልጠየቃትም። ቁልፉን ሲቀበለው ጋሼ ገሪማ ከሳዳም ወደ ወርቂቱ፣ ከወርቂቱ ወደ ስልኩ ተመለከተ። ምኑ እንዳጋለጠው አልገባውም። ግን መጋለጡ ገብቶታል። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ትከሻው ወረደ።

ስልኩን ዚያድ ሱቁ ውስጥ በፖሊስና በሁለት ምስክር ፊት ከፈተው። ሁለቱ ቀረጻዎች እዚያ አሉ። የተቀዱበት ሰዓት አብሮ ተጽፏል፤ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩልና ስምንት ሰዓት ከአሥር።

"አፑ የተሄደበትን መንገድ ሁሉ በቀንና በሰዓት ያስቀምጣል" አለ ዚያድ። "እዚህ ግን የጉዞው ዝርዝር ተሰርዟል። ሁሉም።"

"ሰው ድምፁን ትቶ ጉዞውን ለምን ይሰርዛል?" አለ ሳዳም።

ዚያድ ድንገት ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። "ሄርሜላ የሰው ስልክ ከመንካቷ በፊት ያለበትን ሁሉ ቅጂ ታስቀር ነበር። እንዳይጠፋባቸው። የጋሼ ገሪማን ሰኞ አስቀምጣለች።" ፈልጎ አገኘው። ዝርዝሩ ረጅም ነበር። ሐዋሳ፣ አዲስ አበባ፣ ገደብ፣ ኢዲዶ። ወርቂቱ በጣቷ እየተከተለች ወረደች። ጥቅምት አምስት ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

ወናጎ። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል። አራት ደቂቃ ቆመዋል።

"ቦታውን አሳየኝ" አለች። ዚያድ ካርታውን አሰፋው። ከድልድዩ ወዲህ፣ የመንገዱ መታጠፊያ። መሰለች የወደቀችበት ቦታ ነበር።

 ወርቂቱ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። መሰለች በሞተችበት ሳምንት ጋሼ ገሪማን፣ "አንተ መንገድ ላይ ነህ የምትውለው፤ የተጎዳ መከላከያ ያለው መኪና ካየህ ንገረኝ" ብላው ነበር። እሱም እሺ ብሏት ነበር።

የፖሊስ ጣቢያው ምርመራ ክፍል ውስጥ ጋሼ ገሪማ ውሃ ለምኖ ጠጣ። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ነበር የያዘው።

"ልገድላት ብዬ አልወሰድኳትም" አለ። "ማክሰኞ ስልኬን ልወስድ ስሄድ ሱቁ በር ላይ አገኘኋት። 'ሁለት ቃል ቀርቶኛል፣ መኪናህ ውስጥ ጸጥ ይላል' አለችኝ። ኢዲዶ ዕቃ አድርሼ እመለሳለሁ አልኳት። ደስ ብሏት ነበር። እየሄድን ስልኬ ላይ ቀዳች። እንደጨረሰች 'እንፈትነው' አለችና በድሮ ጉዞ ልትሞክረው ዝርዝሩን ከፈተች።" ብርጭቆውን አስቀመጠ።

"ቀጥል።"

"አየችው። ቀኑንና ሰዓቱን ጮክ ብላ አነበበችው። ከዚያ ዞራ አየችኝ። 'ጋሼ፣ እናቴን ነው' አለችኝ። አቁም አለችኝ፤ አቆምኩ። ስልኩን ይዛ ወርዳ ሮጠች። ክንዷን ይዤ 'ልጄ አድምጪኝ' አልኳት። ጮኸች። ገፈተርኳት። ድንጋዩን አላየሁትም።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ጎትቼ እንሰቱ ውስጥ አስገባኋት።"

ወርቂቱ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "መሰለች ወድቃ አራት ደቂቃ ቆመሃል። አራት ደቂቃ ምን ታደርግ ነበር?"

 የጋሼ ገሪማ ድምፅ የእሱ አይመስልም ነበር።

"ወርጄ አየኋት። ትንፋሽ ነበራት። ሱሪዬን ያዘችኝ። 'ውሰደኝ' አለችኝ። ጤና ጣቢያው ቅርብ ነበር... ሰው መጣ አልመጣ እያልኩ ግራ ቀኙን አይ ነበር። ከዚያ ጣቷን አላቅቄ ሄድኩ።"

ሳዳም ወረቀቱን ጥሎ ከክፍሉ ወጣ። ወርቂቱ ግን እስከ መጨረሻው ተቀምጣ ቃሉን ጻፈች።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ወናጎ ወረደች። አቶ በራሶ ለቀስተኛው ቀለል ሲል ከጓሯቸው ቡና ሥር ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻቸው። የገዳዩን ስም ስትጠራ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ከእኔ ጋር ያለቀሰው?"

"እሱ።"

"ቡና አጠጥቼ ነው የሸኘሁት። መርቄዋለሁ።" እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ፣ "እናቷስ? ያኔ ወዲያው ነው የሞተችው፣ አልተሠቃየችም ብላችሁኝ ነበር። እውነት ነው?" አሉ።

ወርቂቱ ከዲላ ጀምራ ስትፈራው የመጣችው ጥያቄ ነበር። አዎ ብላ ልትሄድ ትችል ነበር። ሌላ የሚነግራቸው ሰው የለም። ሽማግሌው ግን ዓይኗን እያዩ ይጠብቃሉ።

"እውነት አይደለም አባባ" አለች። "ውሰደኝ ብላው ነበር።"

አቶ በራሶ አልጮሁም። በጌዴኦኛ አንድ ነገር አጉረመረሙ፤ የሚስታቸውን ስም ብቻ ለየችው። ከዚያ ሲናገሩ ድምፃቸው የተረጋጋ ነበር።

"ሁለት መዝገብ ነው ያላችሁ፣ አይደለም? የእናቲቱ ለብቻ፣ የልጂቱ ለብቻ።"

"አዎ።"

"በአንድ አድርጊልኝ። ልጄ የእናቷን ገዳይ ስታገኝ ነው የሞተችው። አትለያዩአቸው።"

ወርቂቱ እሺ አለቻቸው። ሕጉ ይፍቀድ አይፍቀድ በዚያች ሰዓት አላሰበችውም።

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ስትገባ ሳዳም ብቻውን ነበር። የመሰለችን መዝገብ ከመደርደሪያው አወረደች። "ያልታወቀ አሽከርካሪ" የሚለውን ሰርዛ ከላዩ ሙሉ ስም ጻፈች። ከዚያ የልጅቷን መዝገብ ከሥሩ አድርጋ በወስፌ ልትበሳ ሞከረች፤ ወረቀቱ ወፍሮ አልበሳ አላት። ሳዳም ወስፌውን ከእጇ ወስዶ ወረቀቱን በሳና ክሩን አሳለፈ። እስኪቋጥረው ድረስ እሷ በአውራ ጣቷ ክሩን ተጭና ያዘችለት።